ከእኛ ጣቢያ የወጣችው አንድ ድምፅ

የኔሰው ለፓርላማ እወዳደራለሁ ብሎ የተነሳው የሚያስተምራትን ልጅ ጎርፍ ከወሰዳት በኋላ ነው። ልጅቷ ሜቲ ትባላለች፣ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከወዲህ፣ ከዘነበወርቅ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር ውስጥ ነው። የማዶ ልጆች በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገራሉ። ክረምት ሲገባ የታክሲ ያለው በዋናው መንገድ ዞሮ ይመጣል፤ የሌለው ልብሱን ሰብስቦ ይገባበታል። ሜቲ የፈተና ሰሞን፣ ሲዘንብ ባደረ ማግስት ገባችበት። ሬሳዋን ከታች፣ ጎርፉ ያመጣው ቆሻሻ ከተከመረበት ሥር አገኙት። የደብተር ቦርሳዋ ከጀርባዋ አልወረደም ነበር።

የኔሰው ያን ቀን ከቀብር ተመልሶ እህል አልቀመሰም። ሚስቱ ጥሩብርሃን ብትለምነውም እንቢ አለ። «ድልድይ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ከግቢያችን የማይረዝም ድልድይ።»

ከዚያ በኋላ የእግረኛ ድልድይ ይሠራልን እያለ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። አንዱ ጥናት ላይ ነው ይለዋል፣ ሌላው በጀት አልተያዘለትም ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ብሎ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ረስቶት ምሳ ይወጣል። ምርጫው ሲቃረብ የሜቲ አባት ደሜ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ቤታቸው መጣ። ደሜ ጋራዥ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ይወዳደሩልን» አለ። «ሌላው የኛን ድልድይ በአፉም አይጠራው።»

የኔሰው ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ያን ጊዜ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

የድጋፍ ፊርማውን ደሜ ራሱ በር ለበር እየዞረ አሰባሰበው። ከወዲህም ሰው ፈረመ፤ የኔሰውን የማያውቅ ቤት የለማ፣ ግማሹን ራሱን አስተምሮታል፣ የቀረውን ልጁን አስተምሮለታል። የግል ዕጩ ሆኖ ተመዘገበ፣ ምልክቱም ድልድይ ሆነ። በዚያ ምርጫ ክልል የእውነት የሚፎካከሩት ሁለት ፓርቲዎች ናቸው፤ ሰውም በስማቸው ሳይሆን በምልክታቸው ነው የሚጠራቸው። ወንበሩን ይዞ የቆየው ቁልፍ ነው፣ ሊወስድበት የሚታገለው ፋኖስ ነው። የኔሰው እንደማያሸንፍ ያውቅ ነበር። «ግን ድምፅ ካገኘን ለሚቀጥለው ይፈሩናል» ይላል። «አንዳቸው ድልድዩን ይሠሩታል።»

ቀዩ ምልክት የመጣው ቅስቀሳው ከተጀመረ በኋላ ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው በወንዙ ዳር ያለውን አጥር እየለኩ፣ በየበሩ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉ። የጥሩብርሃን በር ላይ አደረጉ፤ አጥር የሚጋሯቸው የእትዬ ብዙነሽ በር ላይም አደረጉ። ለወንዝ ዳር ልማት ይፈርሳል ተባለ። መቼ ነው፣ ወዴት ነው የምንሄደው፣ ምትኩስ ምንድን ነው ለሚለው መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

የቁልፉ ዕጩ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ልማቱ አይቆምም አለ። የፋኖሱ ዕጩ ዳኛቸው የሚባል ጠበቃ ነው፤ እሱ ግን ጭቃውን እየረገጠ ሰፈሩ ድረስ ወርዶ እያንዳንዱን በር በስልኩ ፎቶ አነሳ። ከተመረጥኩ ነገሩን ፍርድ ቤትም ፓርላማም አደርሰዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስለ ድልድዩ ሲጠይቁት «እሱ ቀጥሎ ይታያል» ብሎ አለፈው። ወዲያው የወዲህ ሰፈር በሙሉ ፋኖስ ሆነ። ለየኔሰው የፈረሙት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸውን ማሳጠር ጀመሩ።

ጥሩብርሃን አየር ጤና ላይ መጋረጃ የምትሰፋበት ትንሽ ሱቅ አላት። ጎረቤቷ አልማዜ አንድ ከሰዓት መጋረጃ ለማሳጠር ብላ መጣችና ጨርቁን ከፌስታሉ ሳታወጣ ተቀመጠች።

«ጥሩዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ጋሽ የኔሰው ቢተወው ምናለ?»

«ስሙ ወረቀቱ ላይ ታትሟል። እንዴት አድርጎ ይተወዋል?»

«በአፉ ይተወዋ። የማዶዎቹን ‘እኔን ተዉኝ፣ ለፋኖስ ስጡ’ ይበላቸው። እሱ የሚያገኛት ድምፅ እኮ ሁሉ ከፋኖስ ላይ የምትቀነስ ናት። ቁልፍን የሚወድ ሰው እሱን አይመርጥማ።»

ጥሩብርሃን ስፌቷን አቆመች። ይህንን ነገር ለራሷ ስታወራው ከርማለች፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ከበዳት።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች አልማዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የፋኖስ ፖስተር ተለጥፎ አያድርም፣ ይቀዳደዳል። የሱን ማንም ነክቶት አያውቅም። ለምን ይመስልሻል?»

ጥሩብርሃን ያን ቀን ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትገባ ግድግዳውን እያየች ሄደች። እውነት ነበር። ከፋኖሱ የቀረው ሙጫ የያዘው ጥጋጥግ ብቻ ነው። የባሏ ፊት ግን በየቦታው እንደ ተለጠፈ ነው፤ ከክራቫቱ ጋር፣ ከዚያ ትንሽ ካፈረ ከሚመስል ፈገግታው ጋር።

ቤት ስትገባ ነገረችው። የኔሰው አልደነገጠም።

«አይቻለሁ» አለ። «አዳራሽ ስጠይቅም ወዲያው ነው የፈቀዱልኝ። ፋኖሶች ሲጠይቁ የአዳራሹ በር ቁልፍ ጠፍቷል ተብለው ውጪ ነው የተሰበሰቡት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ደሜ ልጁን የቀበረ ሰው ነው። ሄጄ ‘የኔ ቤት ሊፈርስ ስለሆነ ያንተን ነገር ተወው’ ልበለው?»

ጥሩብርሃን የእራቱን ሰሃን ማንሳት ጀመረች።

«ያንን ጠበቃስ ታምኚዋለሽ?» አላት።

«አላምነውም። ግን ሌላ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አለ የኔሰው። ወዲያው ያለው ነገር ያሳፈረው መሰለና መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

ሳምንቱን እንዲህ ሲነጋገሩበትና ሲዘጉት አለፈ። ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለቱም እትዬ ብዙነሽን ሊጠይቁ ገቡ። የኔሰው ወጣት ሆኖ ከጎጃም መጥቶ ሥራ ሲጀምር የተከራየው የእሳቸውን ክፍል ነበር። ከጥሩብርሃን ጋር ሲጋቡም ሽማግሌ የላኩለት እሳቸው ናቸው። አሁን እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ደጃፋቸው ላይ ወንበር ተዘርግቶላቸው ነው የሚውሉት። ቀዩ ቀለም ከራሳቸው በላይ ይታያል።

«የኔሰው» አሉት፣ እጁን ይዘው። «ለፋኖስ ነው የምሰጠው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው። አንተ ስታሸንፍ ባይ ደስታዬ ነበር። ግን እኔ ከዚህ ተነስቼ የት እደርሳለሁ?»

«ልክ ነዎት እትዬ» አላቸው። «ይስጡ። ምንም አይሰማኝም።»

ትከሻቸውን ስሞ ወጣ። ጥሩብርሃን ኋላ ቀርታ ስኒያቸውን ስታነሳላቸው አሮጊቷ ቀና ብለው «አንቺስ?» አሏት። እሷ ስኒውን ይዛ ገባች።

የምርጫው ዕለት ባልና ሚስት አብረው ወጡ። ድምፅ የሚሰጠው ሜዳው ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ የማዶ ሰው የራሱ ጣቢያ አለው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው የሚያወራው ስለ ዝናቡ ብቻ ነበር። ቁልፍም ፋኖስም ወኪሎቻቸውን አስቀምጠዋል። የኔሰው ከወዲህ ሰፈር ወኪል የሚሆነው ሰው አላገኘም። ሰልፉ መሐል ሳሉ የሰፈር ወጣቶች እትዬ ብዙነሽን በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ተሸክመው አመጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሲወጡ አውራ ጣታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም እያዩ ነበር።

የኔሰው ከሚስቱ ቀድሞ ገባ። ከካርቶን መከለያው ጀርባ ቆየ። ወጥቶ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ሊከት ሲል ቀዳዳውን ሁለቴ ሳተው። ጥሩብርሃን ሰው የራሱን ስም ወረቀት ላይ ሲያየው እንዲህ ያደርገዋል ብላ አሰበች።

እሷ ውሳኔዋን ጨርሳ ነበር የመጣችው፤ ለፋኖስ። ቤቱ የልፋቷ ሁሉ ውጤት ነው፤ እትዬ ብዙነሽም አሉ። መከለያው ጀርባ ገብታ እስክሪብቶውን ፋኖሱ አጠገብ ካለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ነገ ታሰባት። ነገ የዚህ ጣቢያ ውጤት ድንኳኑ ላይ ይለጠፋል። የኔሰው አንድ ድምፅ ብቻ ያገኝና፣ ያቺ አንዷ የራሱ መሆኗን ያውቃል። ሰፈሩ እንደተወው ያውቃል፤ እሱንስ ቀድሞም ያውቀዋል። ግን አብራው የኖረችው ሴት እንኳ እንዳልሰጠችው ያውቃል፤ ያንን ይዞ ነው የሚያረጀው። ቢያንስ ሁለት ይሁን አለች በልቧ። ድልድዩ ላይ ምልክት አደረገች፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ አጠፈችው፣ ከተተችው።

ውጪ እየጠበቃት ነበር።

«ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ።»

አብረው ወደ ቤታቸው ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ውጤቱ ተለጠፈ። ሰው ድንኳኑ በር ላይ ተሰብስቦ አንድ ጎልማሳ ጮክ ብሎ ያነባል። ፋኖስ ከጣቢያው ድምፅ ከሦስት እጅ ሁለቱን ወስዷል፤ ሰዉ አጨበጨበ። ቁልፍ የቀረውን አግኝቷል። «ድልድይ» አለ አንባቢው፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «አንድ።»

ጥሩብርሃን የተሳሳተ መሰላት። ተጠግታ ራሷ አየችው። አንድ ይላል፣ በአኃዝም በፊደልም። የእሷ አንድ አለች። የእሱስ የት ሄደች? ይህንን አስባ ሳትጨርስ ገባት። ዞር ስትል የኔሰው ወረቀቱን ትቶ እሷን እያያት ነው። እሱም ገብቶታል። ያቺን አንዷን ማን እንደሰጣት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አልማዜ ክንዷን ይዛ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ጎበዝ ነሽ ጥሩዬ። ለሁላችን ብለሽ ነው፣ አንረሳልሽም።»

ሌሎቹም የኔሰውን በሐዘኔታ ያዩታል። ሚስቱ እንኳ ያልመረጠችው ሰው ነዋ። እሷን ሲያዩ ግን ራሳቸውን በአክብሮት ዝቅ ያደርጋሉ። ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አንድ ቃል ብትናገር ባሏን ማጋለጥ ነው።

የምርጫ ክልሉ ጠቅላላ ውጤት በኋላ ሲነገር ያሸነፈው ቁልፍ ሆነ። ከፋኖስ የበለጠው በጥቂት ነው፤ የኔሰው ከማዶ ያገኘው ድምፅ ከዚያ ልዩነት ይበልጣል። ይህንን ለማስላት የሰፈሩ ሰው ጊዜ አልፈጀበትም። ሐዘኔታው በአንድ ቀን ተለወጠ። የኔሰው ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ዳቦ ቤቱ ጋ አንድ አባወራ «ቁልፎች ሹመት አልሰጡህም እንዴ?» አለው፣ እየሳቀ ሳይሆን። የኔሰው ዳቦውን ይዞ ገባ።

በዚያው ሰሞን ደሜ መጣ። ልብሱን ቀይሮ፣ ሙዝ በፌስታል ይዞ ነበር።

«መምህር፣ አላፈርንም» አለ ከተቀመጠ በኋላ። «ከማዶ ያለው ሰው ድልድዩን ነው የመረጠው። አንድም አልከዳዎትም። ሚስቴ ከሐዘኗ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም፣ ለእርስዎ ብላ ወጣች።»

የኔሰው መሬት መሬቱን ያያል።

«ከወዲህ የራስዎ ድምፅ ብቻ መሆኗን ሰማሁ» አለ ደሜ። ጥሩብርሃንን አየት አደረጋትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «እኔ በማንም አልፈርድም እትዬ። ሰው ለቤቱ ይፈራል።»

ጥሩብርሃን ባሏን ጠበቀችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀችው። የኔሰው አፉን ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ «ሻይ አፍዪለት» አላት። ደሜ ሻዩን ጠጥቶ፣ ለሚቀጥለው ከአሁኑ እንጀምራለን ብሎ፣ ሁለቱንም ጨብጦ ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ጥሩብርሃን ቆማ ቀረች።

«ለማን እንደሰጠህ አውቄያለሁ። ግን ካንተ አፍ ልስማው።»

«ለፋኖስ» አለ።

«ለምን?»

«እትዬን በወንበር ተሸክመው ሲያስገቧቸው አየሁ። ወረቀቱ ላይ ስሜን ሳየው እሳቸው ናቸው የታዩኝ። እጄ ራሱ ነው የሄደው።» ቀና አለ። «አንቺም እንደዚያው የምታደርጊ መስሎኝ ነበር። ባዶ ይወጣል ብዬ ነው የጠበቅኩት። ባዶ ቢሆን እኔም ከሰፈሩ ጋር ነኝ፣ ለራሴም እንዳልሰጠሁ ሰው ይገባዋል። አንቺ ግን መረጥሽኝ።»

አነጋገሩ ውስጥ ምስጋና አልነበረም።

«እንዳታፍር ብዬ ነው» አለች።

«ይኸው አፈርኩ።»

ለደሜ እንኳ ንገረው ብላ ለመነችው። ደሜ ልጁን አጥቷል፣ ድልድዩን አጥቷል፣ በእኔ ያለውን እምነት ደግሞ ከነጠቅኩት ምን ይቀረዋል አላት። እሷም ሱቅ ስትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ላልሠራችው ነገር ምስጋና እየተቀበለች ከረመች።

ክረምቱ ሲወጣ ማፍረሻው ማሽን መጣ። ከዚያ በፊት ሰው ቆርቆሮውንና በሩን እንዲነቅል ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። ዳኛቸው ሰፈሩን ለመሰናበት እንኳ አልመጣም፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እትዬ ብዙነሽን የወንድማቸው ልጅ ሊወስዳቸው መኪና ይዞ መጣ። የኔሰው በአንድ በኩል ደግፎ ሲያስገባቸው፣ አልማዜ ከፈረሰው አጥሯ ላይ ሆና አየችው። እጇ በሚስማር ተቧጥሮ ደምቷል።

«ተወት አድርጋቸው» አለችው። «አንተ አይደለህ እንዴ ከቤታቸው ያወጣሃቸው? ሚስትህ እንኳ ለኛ ስታዝን፣ ለራስህ ስም ብለህ ሸጥከን።»

የኔሰው የአሮጊቷን ነጠላ የመኪናው በር እንዳይዘው እየሰበሰበ ነበር። ጥሩብርሃን የተሸከመችውን ፍራሽ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያቺን አንድ ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ለፋኖስ ነው የሰጠው። ለእሳቸው ብሎ፣ ለአንቺ ብሎ።»

ቆርቆሮ የሚነቅሉትም እጃቸውን አቆሙ። ጥሩብርሃን ነገሩ ሲታወቅ ሰው ይጸጸታል፣ አንድ ሰው መጥቶ ትከሻውን ይነካዋል ብላ ነበር። አልማዜ ግን ለረጅም ጊዜ አየችውና ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች።

«እሱስ ይባስ። እሱ ለፋኖስ የሚሰጥ ከሆነ፣ የማዶን ሰው ለምን ለራሱ አስመረጠው?»

መኪናው እትዬ ብዙነሽን ይዞ ወጣ። የኔሰው መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ፍራሹን ከመሬት አነሳና አራገፈው።

ወሬው ወንዙን ለመሻገር አልዘገየም። ደሜ ጥሩብርሃንን ሊያገኛት አየር ጤና ሱቋ ድረስ መጣ። የሥራ ቱታውን ለብሶ ነበር፤ አልተቀመጠም።

«እውነት ነው እትዬ?»

«እውነት ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እርስዎን በክፉ አይቼ ነበር። ይቅር ይበሉኝ» አለ። ስለ የኔሰው አልጠየቀም፣ ሰላም በይልኝም አላለም። መንገዱን ተሻግሮ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ካለው ሰው መሐል ገባ።

ያን ዕለት አዲስ ወደ ተከራዩት ቤት ስትገባ ነገረችው።

«ምን አለ?» አላት የኔሰው።

«ይቅርታ ጠየቀኝ።»

«ስለ እኔስ?»

«ምንም አላለም።»

የኔሰው ተነስቶ ጫማውን አደረገና ወጣ። ወዴት ብላ አልጠየቀችውም። ሲመሽ ተመልሶ የወንዝ ጭቃ የያዘውን እግሩን ታጠበ፣ እራቱን በላ፣ ስለ ሄደበት አላነሳም።

አሁን ከጦር ኃይሎች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እትዬ ብዙነሽ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ፤ መርዶውን የሰሙት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የኔሰው ጡረታ ወጥቶ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ይሞላል፣ ጥሩብርሃን ስትገባ ድንች ልጦ ይጠብቃታል። በእንዲህ ያለው ነገር አይከፋፉም፤ እንዲያውም ከዱሮው ይልቅ ይተዛዘናሉ። ቴሌቪዥኑ ስለ ምክር ቤት ማውራት ሲጀምር ግን እሷ ትነሳና ድምፁን ትዘጋዋለች፤ እሱም ምስሉን ብቻ፣ ሰዎቹ እጃቸውን ሲያወጡና ሲያወርዱ፣ ዜናው እስኪያልቅ ያያል።